የላይኛው ሜዳ ጉድጓድ

ኤፕሪል 11

መንደራችን ቡሉስታህ ገባሁ። ከሄሊኮፕተሩ ስወርድ ነፋሱ ባርኔጣዬን ነጥቆ ወደ ነዳጅ በርሜሎቹ ወሰደው፤ ወንድሜ ስፒሪዶን ሮጦ ያዘልኝ። ሰላም ከማለቱ በፊት «ሳጥኖችሽ ስንት ናቸው?» አለኝ። የመንደሩ አስተዳዳሪ ከሆነ ወዲህ እንዲህ ነው።

አምና የነበሩ ሁለት ቤቶች የሉም። ባሕሩ የቀዘቀዘ አፈር የሆነውን ገደል ከሥሩ እያቀለጠ ወስዷቸዋል። የትምህርት ቤቱ አጥር ግማሹ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። ስለዚህ ነገር ማንም አያወራም። የስፒሪዶን ሚስት አግራፌና የቀዘቀዘ ዓሣ በቢላ እየላጠች «ብዪ፣ ከተማ ይሄን ማን ይሰጥሻል» ብቻ አለችኝ።

የተወለድኩበት ክፍል ውስጥ ነው የምተኛው። ወለሉ ወደ ባሕሩ አዘንብሏል። እርሳሴን ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጠው ይንከባለላል።

ኤፕሪል 14

ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ። ደለሉን ልሰረስር የመጣሁበት ሐይቅ በረዶ አንድ ሜትር ከሰባ። የመሰርሰሪያው ቧንቧ ሁለቴ ተቀረቀረ። ጣቶቼ እምቢ አሉ። ነገ እንደገና።

ኤፕሪል 16

ወጣ። ከሐይቁ ሥር የተሰረሰረው የደለል ዘንግ፣ አምስት ሜትር ከአርባ፣ ሳይቆረጥ።

ፕሮኮፒ ባይኖር አይወጣም ነበር። ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፤ ጉልበት በነበረው ጊዜ ከነዳጅ ፈላጊዎች ጋር ሠላሳ ዓመት ሲሰረስር ኖሮ መንደሩ ተመልሷል። ጆሮውን ቧንቧው ላይ ለጥፎ ያዳምጣል። «አሁን ለስላሳ ጭቃ ነው» ይላል፣ «አሁን አሸዋ ነው»፤ ተሳስቶ አያውቅም።

ዘንጉን በረዶው ላይ አጋድመን ቁመቱን ለሁለት ሰነጠቅነው። ከላይ ጥቁር ጭቃ ነው፤ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል፤ በውስጡ የባሕር ቀንድ አውጣ ቅርፊት አለበት። ከሥሩ ቡናማ የሐይቅ ደለል፣ እንደ ደብተር ገጽ የተነባበረ። ከሁሉ በታች፣ መጨረሻው ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ላይ፣ የሣር ሥር ያለበት ግራጫ አፈር። የደረቅ መሬት ሣር። ዛሬ ባሕር የገባበት ይህ ሐይቅ አንድ ጊዜ ሰው በእግሩ የሚሄድበት ሜዳ ነበር ማለት ነው።

ለዚህ ነው የመጣሁት። የዚህ ዳርቻ ምድር ምን እንደነበረና መቼ እንደተለወጠ ከደለሉ ማንበብ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ ለአንድ ሰዓት ያህልም ብሎኛል።

እራት ላይ ለስፒሪዶን ነገርኩት። «እና ሜዳው የት ሄደ?» አለ። «ሰመጠ» አልኩት። ሾርባውን ጠጥቶ ጨረሰና ሌላ ነገር ጠየቀኝ።

ኤፕሪል 18

የጠየቀኝ ነገር ይሄ ነው። መንደሩ ሊነሣ ነው። ወንድሜ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ደብዳቤ ጽፎ፣ ደጅ ጠንቶ፣ ተሰድቦ፣ በመጨረሻ አውራጃው እሺ አለው። አርባ አንድ ቤተሰብ ከባሕሩ ሁለት ኪሎ ሜትር ርቆ ላይኛው ሜዳ ላይ ይሰፍራል። እንጨቱ በበጋ በጀልባ ይመጣል። የጎደለው መሬቱን አንድ ባለሙያ እንዳየው የሚገልጽ ወረቀት ብቻ ነው።

«መሰርሰሪያው እዚህ ነው፣ አንቺም እዚህ ነሽ» አለኝ። «አንድ ጉድጓድ ለእኛም ቆፍሪ።»

«ኡባይ፣ የእኔ ሥራ ያለፈውን ማንበብ ነው እንጂ የቤት መሠረት አይደለም» አልኩት። ታላቅ ወንድሜን በስሙ ጠርቼው አላውቅም።

«መሬት መሬት ነው» አለ።

ኤፕሪል 19

ላይኛው ሜዳ። አንድ ጉድጓድ። እስከ ሁለት ሜትር ከአሥር አፈር። ከዚያ እስከ ሰባት ሜትር፣ ቧንቧው እስካለቀበት ድረስ፣ በረዶ። አፈር የተቀላቀለበት እንኳ አይደለም። በረዶ።

ፕሮኮፒ ዘንጉን አይቶ ጓንቱን አደረገ። «ውሃ ላይ ቤት ሊሠሩ ነው» አለ። «ለጊዜው ቆሞ ያለ ውሃ ነው እንጂ ውሃ ነው።»

«አንድ ጉድጓድ ነው» አልኩ። «ምናልባት በአጋጣሚ የመሬት ስንጥቅ የሞላ የበረዶ ሽብልቅ ላይ ገብተን ይሆናል። አጠገቡ ያለው መሬት ሌላ ሊሆን ይችላል።»

«ሊሆን ይችላል» አለ። ሌላ ጉድጓድ እንቆፍር አላለም፤ እኔም አላልኩም። የቀረው ነዳጅ ለሐይቁ ነው።

ለማንም እንዳይናገር ለመንኩት። ውጤቱ ከላቦራቶሪ እስኪመጣ። እንዲህ ነው ወጉ፤ ሳይረጋገጥ አይወራም።

ኤፕሪል 26

ናሙናዎቹ በሄሊኮፕተር ሄዱ። የዕድሜና የዕፅዋት ምርመራው ሁለት ሦስት ወር ይፈጃል። ዘንጎቹን በስድስት ሳጥን ቡሉሱ ውስጥ አስቀመጥናቸው። ቡሉስ የመንደሩ የጋራ ጓዳ ነው፤ አያቶቻችን ከርሰ ምድሩን ፈልፍለው ዓሣና ሥጋ የሚያቆዩበት፣ ግድግዳው ራሱ በረዶ የሆነ። አምስቱ ሳጥን የሐይቁ፣ አንዱ የላይኛው ሜዳ።

ሜይ 6

ስፒሪዶን አንድ ወረቀት አመጣልኝ። አጭር ነው። «በቦታው በተደረገ ምልከታ ግንባታ የሚከለክል ነገር አልታየም» ይላል። ለአውራጃው ፋይል ብቻ ነው፣ ማንም አያነበውም አለኝ። አግራፌና ሻይ በወተት እየቀዳች ስለ መስኮት ታወራ ነበር። አዲሱ ቤት መስኮቱ ወደ ሜዳው እንዲሆን ትፈልጋለች፤ ባሕር ማየት በቅቷታል።

እርግጠኛ የሆንኩበት ውጤት እጄ ላይ ስለሌለ፣ «አልታየም» የሚለው ቃል ስሕተት ነው ማለት አይቻልም። ቃሉን ደጋግሜ አነበብኩት።

ስፒሪዶን ከፊቴ ተቀምጦ ነበር። ፊቴን ያይ ነበር፣ ወረቀቱን አይደለም። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ፈረምኩ።

ሜይ 17

ፀሐይ መጥለቅ አቁማለች። እንቅልፍ የለኝም። መጋረጃው ላይ ብርድ ልብስ ሰቀልኩ፣ አልረዳኝም።

ዛሬ ሱቅ ውስጥ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ። አንዷ «የጋቭሪል ልጅ አይታዋለች እኮ፣ የተማረችው፤ መሬቱ ጥሩ ነው ብላለች» አለች። ሌላዋ «እንግዲያ ልጄን ከከተማ ልጥራው» አለች። ጋቭሪል አባቴ ነው። ዱቄት ሳልገዛ ወጣሁ።

ጥሩ ነው አላልኩም። ያልኩት አልታየም ነው።

ጁን 12

በረዶው ሲሟሽሽ ሰነበተ። ፕሮኮፒ መጣ። «ቡሉሱ ጣሪያው ማንጠባጠብ ጀምሯል» አለኝ። «እኔ ከተወለድኩ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ዘንጎችሽን በጄነሬተር ወደሚሠራው ማቀዝቀዣ ውሰጃቸው፣ ልጄ።»

ጁን 14

አግራፌና የዝይ ሥጋውን ከማቀዝቀዣው አውጥታ ለጎረቤት አከፋፈለችልኝ። ለስድስት ሳጥን የሚሆን ቦታ ተገኘ። ከፕሮኮፒ ጋር አምስቱን አመላለስን። ደከመን። ስድስተኛው ነገ።

ጁን 15

ዝናብ። ነገ።

ጁን 23

ፕሮኮፒ መንገድ ላይ አገኘኝ። «ያቺን ሳጥን አወጣሻት?» አለ። አወጣታለሁ አልኩት። የሐይቁን ዘንግ ገለጻ እየጻፍኩ ነው፤ ሥራ በዝቶብኛል። እውነት ነው፣ በዝቶብኛል።

ጁላይ 4

ቡሉሱ ውስጥ ጉልበት የሚደርስ ውሃ ገብቷል። የመንደሩ ዓሣ ግማሹ ተበላሸ። ሴቶቹ በባልዲ እያወጡ ወደ ገደሉ ይደፋሉ፤ የባሕር ወፎቹ ይጮኻሉ። ሳጥኑን አገኘሁት። ሁለት ሜትር ከአሥር ጭቃ አለ። የቀረው ባዶ ቧንቧ ነው። በረዶው ቀልጦ ከቡሉሱ ውሃ ጋር ተቀላቅሏል።

ማቀዝቀዣው ሞልቶ ነበር። ለስፒሪዶን እንዲህ ነው የነገርኩት።

«እንግዲህ ምን ይደረጋል» አለ። የተናደደ አይመስልም ነበር። እኔም እንደዚያ።

ጁላይ 15

ዶዘሩ ላይኛው ሜዳ ወጣ። ነጂው ኢኖኬንቲ ነው፤ ትምህርት ቤት አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠናል። አሁን የሦስት ልጆች አባት ነው። ለመንገዱና ለመጀመሪያዎቹ ስምንት ቤቶች ሣሩንና የላዩን አፈር እየገፈፈ ነው።

አጠገቡ ሳልፍ ሞተሩን አጠፋ። «ሉሻ፣ ጭቃ ለማየት ስንት ዓመት ተማርሽ?» አለኝ።

«አሥራ አንድ።»

«እኔ በነጻ ሳየው እውላለሁ» ብሎ ሳቀ። ከዚያ «እዚህ ጥግ የእኔ ቤት ነው። ማርፋ ቦታውን በእግሯ ለካችው። አሥር እርምጃ በሰባት» አለ። ማርፋ ሚስቱ ናት።

ሣሩ የበረዶው ልብስ ነው፣ ባትገፍፈው ይሻላል ልለው ፈለግሁ። ሞተሩን አስነሣው።

ጁላይ 22

የላቦራቶሪው ውጤት መጣ። ከሐይቁ ዘንግ ሥር ያለው ሣር ላይኛው ሜዳ ላይ ዛሬ የሚበቅለው ሣር ነው። በዘር ዓይነቱ አንድ ነው። ስለዚህ ነገሩ ግልጽ ነው። ሐይቁ በፊት እንደ ላይኛው ሜዳ ያለ ከፍታ ነበር፤ ሆዱ በረዶ። አንድ ጊዜ አየሩ ሞቀ፣ በረዶው ቀለጠ፣ መሬቱ እንደ ሊጥ ቁጭ አለ፣ ውሃ ተኛበት። በሺህ ዓመታት ውስጥ ሐይቁ ሰፋ፣ በመጨረሻ ከባሕሩ የሚለየው ገደል ፈረሰና ጨው ገባ። በዘንጉ ላይ ጨው ከሌለው ውሃ ወደ ጨው ያለው ርቀት አራት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። አንድ ሰው ጎልማሳ ሆኖ ያየውን ሐይቅ ሽማግሌ ሆኖ በባሕርነት ሳያውቀው አልቀረም።

ለጉባኤ የሚሆን ጥሩ ጽሑፍ ነው። ሦስት ገጽ ጻፍኩ። አራተኛው ላይ የሣሩን ስም ስጽፍ የዶዘሩ ድምፅ በመስኮት ይገባ ነበር።

አሁን ተረጋግጧል። እስኪረጋገጥ ነበር የጠበቅኩት። ነገ ለስፒሪዶን እነግረዋለሁ።

ጁላይ 23

ስፒሪዶን ጀልባዋን ሊቀበል ወደ ወንዙ አፍ ሄደ። በሳምንት ይመለሳል።

ኦገስት 3

እንጨቱ መጣ። መንደሩ በሙሉ ዳርቻው ላይ ነው። አግራፌና አዲስ ቀሚሷን ለብሳ ሳንቃ ትሸከማለች። ስፒሪዶን እንደዚህ ሲስቅ አባታችን ከሞተ ወዲህ አላየሁትም። ዛሬ አይነገርም።

ኦገስት 11

ላይኛው ሜዳ ላይ ኢኖኬንቲ የገፈፈው መንገድ ኩሬ ኩሬ ሆኗል። ኩሬዎቹ በመስመር ነው የተደረደሩት፤ በመስመር የሚሄደው ከሥር ያለው የበረዶ ሽብልቅ ነው። ፕሮኮፒ አጠገቤ ቆሞ ነበር።

«ማቀዝቀዣው ላይ ቦታማ ነበረ» አለኝ ድንገት። «ስድስተኛዋም ትገባ ነበር።»

መልሴን ሳይጠብቅ ቀስ እያለ ቁልቁለቱን ወረደ።

ዛሬ ማታ ለስፒሪዶን እነግረዋለሁ።

እንግዶች ነበሩበት።

ኦገስት 16

ዶዘሩ ላይኛው ሜዳ ላይ መሬት ውስጥ ገባ። ከሥሩ ቀልጦ ባዶ ሆኖ ነበር፤ የላዩ ቅርፊት ተሰበረ። በጎኑ ተጋደመ። ኢኖኬንቲ ከነጂው ክፍል ግማሽ አካሉ ወጥቶ ነበር፣ ብረቱ ዳሌው ላይ ተኛ። በእጅ ቆፈርን። አራት ሰዓት ፈጀብን። ጭቃው የቆፈርነውን መልሶ ይሞላዋል። እሱ «ቀስ በሉ፣ ቀስ» ይለናል፣ እኛን የሚያጽናና ይመስል።

አሁን ክሊኒክ ነው። ሄሊኮፕተር ተጠርቷል።

ኦገስት 17

ጭጋግ። ሄሊኮፕተሩ አይነሣም።

ኦገስት 18

ጭጋግ። ስፒሪዶን ሬዲዮው ላይ ተቀምጧል። ማርፋ ከክሊኒኩ አልወጣችም። ገንፎ ወሰድኩላት፤ «አስቀምጪው» አለችኝ፣ ዞር ብላ አላየችኝም። አታውቅም። አታውቅም፣ ግን አላየችኝም።

ኦገስት 19

ረፋድ ላይ ሞተ። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠራ።

ኦገስት 20

ስፒሪዶን በሩ ላይ ቆመ፣ አልገባም።

«የት እንቅበረው?» አለኝ።

መቃብሩ ገደሉ አፋፍ ላይ ነው። በዚህ በጋ አንዱ ጥግ ወርዷል፤ ማርፋ ደግሞ ባሏ ባሕር ውስጥ እንዳይገባባት ትፈራለች። ወንድሜ አንድ ነገር ስለ መሬት በእውነት የጠየቀኝ ይሄ የመጀመሪያው ነው።

ከሐይቁ ማዶ ወዳለችው ጠጠር ጉብታ ወሰድኩት። ጠባብ ናት፣ ነፋስ ይደበድባታል፣ ሣር አይበቅልባትም፤ ስለዚህ ማንም አስቧት አያውቅም። በካርታዬ ላይ የጥንት ወንዝ የተወው ጠጠር ናት። በዶማ ጀመርን። ግማሽ ሜትር ላይ ድንጋይ አገኘን። ድንጋዩን በእጅ እያወጣን ቆፈርን።

እዚያ ውስጥ ቆመን ነው የነገርኩት። የኤፕሪሉን ጉድጓድ፣ አምስቱን ሜትር በረዶ፣ ሳጥኑን ሆን ብዬ እንደተውኩት። ይህን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጣሁት ያኔ ነው። ሆን ብዬ።

ስፒሪዶን ዶማውን አላቆመም።

«አውቃለሁ» አለ።

«ምኑን?»

«በረዶውን። ፕሮኮፒ በማግስቱ ነግሮኛል። አንቺ እንዳይናገር ለምነሽዋል፤ እሱ ግን የልጅ ልጆች አሉት።» አንድ ድንጋይ አንሥቶ ወደ ውጭ ወረወረ። «ወረቀቱን ያመጣሁልሽ ጊዜ አትፈርምም ብዬ ነበር። ካልፈረመች ለአውራጃው ጽፌ ሌላ ቦታ አስፈልጋለሁ፣ ጥፋቱም የእሷ ይሆናል፣ ሰው እኔን አይረግመኝም ብዬ ነበር። ተቀምጬ ፊትሽን ሳይ ነበር።»

«ለምን አልከለከልከኝም?»

«አንቺስ?» አለ።

ከዚያ በኋላ እስክንጨርስ ቆፈርን። ጉድጓዱ ደረቅ ነበር።

ኦገስት 21

ቀበርነው። ማርፋ አላለቀሰችም። ትንሿ ልጅ ጠጠሩን በእጇ እያፈሰች ስትጨምር ሌሎቹም ተከተሏት።

ኦገስት 24

የመንደሩ ስብሰባ። ስፒሪዶን ተነሥቶ «እህቴ የምትለው አለ፣ ከእሷ በኋላ እኔ የምለው አለ» አለና ተቀመጠ። የመስክ ደብተሬን ይዤ ሄድኩ። የኤፕሪል 19ን ገጽ አነበብኩላቸው። ዘንጉ ቢቀልጥም ገጹ ከእኔ ጋር ነበር፤ ከሁለት ሜትር ከአሥር እስከ ሰባት ሜትር፣ ንጹሕ በረዶ፣ በእኔ እጅ ጽሑፍ። ከዚያ ስለ ሐይቁ፣ ሜዳ ስለነበረው። ከዚያ ስለ ወረቀቱ።

ማንም አልጮኸም። ይጮኻሉ ብዬ ነበር። ልጇን ከከተማ የጠራችው ሴት ሻሏን ጠቅልላ ወጣች። አንድ ሽማግሌ «እና አሁን የት ነው የምንሄደው?» ብሎ ጠየቀ፣ ማንን እንደጠየቀ ግን አልታወቀም።

ማርፋ ከኋላ ተቀምጣ ነበር። እጇን እንደ ተማሪ አወጣች።

«ኤፕሪል ላይ ነበር ያየሽው?»

«አዎ» አልኩ።

«ኢኖኬንቲ ሥራውን የጀመረው ጁላይ ነው» አለች።

ስፒሪዶን ተነሥቶ የራሱን ተናገረ። ድምፁ ይቆራረጥ ነበር። ሥራውን ለቀቀ።

ሴፕቴምበር 2

አውራጃው ግንባታውን አቆመ። የፈረምኩትን ወረቀት ሽሬ አዲስ ሪፖርት ላክሁ፤ ለተቋሜም ያደረግሁትን ጻፍኩ፣ መልስ አልመጣም። አሥራ ስድስት ቤተሰብ በመጨረሻዋ ጀልባ ወደ ከተማ ሄደ። አግራፌና አትሄድም፤ አታናግረኝምም። ሳህኑን ገፋ አድርጋ ታስቀምጥልኛለች።

ፕሮኮፒ «የቀሩት ክረምቱን እዚሁ ያሳልፋሉ፣ በጸደይ ግን ያቺ ጠጠር ጉብታ ትታይ ብለዋል» አለኝ። መሰርሰሪያው ለአንድ ጉድጓድ የሚሆን ነዳጅ አለው።

ሴፕቴምበር 8

የመጀመሪያው በረዶ ጣለ። ከፕሮኮፒ ጋር ጉብታዋ ላይ ወጣን። ቧንቧው ጠጠሩ ላይ ይፋጫል፤ በሰዓት ግማሽ ሜትር ነው የምንሄደው። ቦታዋ ቢበዛ አሥራ ሁለት ቤት ትይዛለች። ለፕሮኮፒ ነገርኩት። «አሥራ ሁለት ይሁና» አለ።

እኩለ ቀን ላይ ማርፋ መጣች። ሰላም አላለችንም። መቃብሩ ጋ ትንሽ ቆማ ወደ እኛ ተጠጋች፤ የሚወጣውን ሁሉ ከአጠገባችን ሆና ስታይ ዋለች። የመጨረሻው ቧንቧ ሲወጣ ጓንቷን አወለቀች።

«አሳዪኝ» አለችኝ።

ዘንጉን በሸራው ላይ ዘረጋሁላት። ከላይ ጀምራ እያንዳንዱን ሴንቲ ሜትር በጣቷ ዳሰሰችው። ጠጠር፣ አሸዋ፣ ጠጠር፣ ድፍን ድንጋይ። አንዱ ጋ ስትደርስ የሚያብረቀርቅ ነገር አየችና ቆመች።

«ይሄ በረዶ ነው?»

«አይደለም። ነጭ ድንጋይ ነው።»

በጥፍሯ ፈገፈገችው። እጇ ውስጥ ይዛው ቆየች፣ እስኪሞቅ። አልቀለጠም። መልሳ ቦታው አስቀመጠችው።

«ደብተርሽ የታለ?»

ከኪሴ አወጣሁት።

«አሁን ጻፊው» አለች። «እኔ እያየሁ።»

ጣቶቼ ደንዝዘው ነበር። ተንበርክኬ፣ እሷ ከትከሻዬ በላይ ቆማ እያነበበች፣ ጻፍኩ። ከዜሮ እስከ አራት ሜትር ከስልሳ። ጠጠርና ድንጋይ። በረዶ የለም። የቁፋሮው ቀን። ስሜ።

«የኔንም ጻፊ» አለች ማርፋ። «አይቻለሁ በይ።»

ጻፍኩት።